የሚንተባተብ ልጅ ላላችሁ፦ የትንፋሽ፣ የሰውነትና የቀልብ ልምምድ በቤት ውስጥ

"እትዬ፣ ያችን የትንፋሽ ነገር ቤት ስንገባ እንዴት ነው የምንሠራት?" ከቢቸናም ይምጣ ከፍኖተ ሰላም፣ ልጁን ይዞ የመጣ ወላጅ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ከሚንተባተቡ ልጆች ጋር ስሠራ ከዮጋ የወሰድኳቸውን ቀላል እንቅስቃሴዎችና ቀልብ መሰብሰቢያ ልምምዶች አስገባለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ትራንስፖርቱም ገንዘብ ነው፤ በየሳምንቱ መመላለስ ለብዙው ሰው አይሆንም። ስለዚህ ቤት የሚሠራውን ክፍል ከነምክንያቱ እነሆ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፤ ይህን ካልያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። ልምምዱ መንተባተብን አያድንም። ቃል አልወጣ ሲለው የልጁ አንገት፣ መንጋጋና ሆድ ይጠብቃሉ፤ ልምምዱ ይህን ጥብቀት ያላላል፣ የቱ ጋ እንደሚጠብቅም ልጁ ራሱ እንዲያውቀው ያደርጋል። ንግግሩ ላይ የሚሠራው የንግግር ሕክምናው ነው፤ ይህ ያግዘዋል እንጂ አይተካውም።

("ልጁ" ስል ሴቷንም ማለቴ ነው። መንተባተብ ወንዶች ላይ ስለሚበዛ ብቻ ነው እንዲህ የምጽፈው።)

ለየትኛው ዕድሜ?

ከ5 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚስማማ ነው። መንተባተብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከጀመራቸው ልጆች አብዛኞቹ እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ልጃችሁ ከ5 ዓመት በታች ከሆነ ከታች ካሉት ደረጃ 2ን እና (ደረጃ 4 ላይ ያለችውን) የድመቷን እንቅስቃሴ በጨዋታ መልክ ብቻ አሠሩት፤ ከዚያ ይልቅ እናንተ ስታናግሩት ረጋ በሉ። ትንሽ ልጅ ላይ ትልቁ ሥራ የወላጅ አነጋገር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሰሌን፣ አጎዛ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ። የዮጋ ምንጣፍ አትግዙ።
- በጨርቅ ከረጢት የታሰረ ሽንብራ ወይም ባቄላ፣ ከግማሽ ኪሎ ያልበለጠ
- ትንሽ ቆሎ ወይም አንድ ቁራሽ ዳቦ
- ልጁ አብጠርጥሮ የሚያውቀው የንባብ መጽሐፍ
- ደብተርና እስክርቢቶ
- ጋቢ፣ በተለይ ደብረ ማርቆስና ደጋው አካባቢ ላላችሁ። ብርድ ትከሻን ወደ ላይ ይሰበስባል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ እንዲወርድ ነው።

ሰዓትና ቦታ

ከትምህርት ቤት መልስ፣ ከእራት በፊት ይሻላል። ሆድ ሞልቶ መሥራት ስለሚያስቸግር ከተበላ አንድ ሰዓት ተኩል ይለፍ። በጠቅላላው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። እንጀራ እየተጋገረ ወይም ከሰል እየጨሰ ባለበት ቤት አትሥሩ፤ ጭስ ጉሮሮን ይቆጣል፣ ልጁም ትንፋሹን ያሳጥራል። ግቢ ውጡ ወይም ጭሱ እስኪወጣ ጠብቁ። እንግዳ ባለበት፣ ቡና በተፈላበት ሰዓትም አይሁን፤ የሚታይ ትርኢት ይሆንበታል።

አሠራሩ

1. አብራችሁት ተኙ። ቆማችሁ "በል ተንፍስ" የምትሉት ከሆነ ፈተና ሆነበት ማለት ነው። እናት ወይም አባት፣ ካልተመቸም ታላቅ እህት፣ አጠገቡ ተኝቶ እኩል ይሥራ። አንድ ሰው በቂ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ አይክበበው።

2. የሆድ ትንፋሽ። በጀርባው ይተኛ፣ ጉልበቱን አጥፎ እግሮቹን መሬት ያስረግጥ። የሽንብራውን ከረጢት እምብርቱ ላይ አስቀምጡለት። በአፍንጫው አየር ሲያስገባ ከረጢቱ ከፍ ይላል፣ ሲያስወጣ ዝቅ ይላል። የልጁ ሥራ ከረጢቱን ማየት ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አትቁጠሩ። ከለመደ በኋላ በጣታችሁ መሬቱን ቀስ እያላችሁ ምቱለት፦ ሲያስገባ 3፣ ሲያስወጣ 5። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በመሃል ትንፋሽ አይያዝም።

ለምን? የምንናገረው አየር ስናስወጣ ነው። ዝም ባልንበት ሰዓት አየሩ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ ርዝመት ብዙም አይራራቅም፤ ስንናገር ግን ቶሎ አስገብተን ረዘም አድርገን እናስወጣለን። ልጁ ደረቱንና ትከሻውን ወደ ላይ እየሳበ ከተነፈሰ የአንገቱ ጡንቻዎችም አብረው ይሠራሉ፣ ጉሮሮውም ይጠብቃል። ትንፋሽ መያዝን የከለከልኩት ደግሞ ብዙ የሚንተባተቡ ልጆች ቃሉ ሲያንቃቸው የሚያደርጉት ያንኑ ስለሆነ ነው፤ ያንን ልናለማምዳቸው አንፈልግም።

3. ማጥበቅና መልቀቅ። እንደተኛ እጆቹን የታጠበ ጋቢ እንደሚጨምቅ ሰው አጥብቆ ይጨብጥ። እስከ 5 ቁጠሩና "ልቀቅ" በሉት። ቀጥሎ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሳብ፣ ይልቀቅ። ቀጥሎ ፊቱን ይጨማድ፣ ይልቀቅ። መጨረሻ ላይ ከንፈሩን ገጥሞ መንጋጋውን በልኩ ነከስ ያድርግና ይልቀቅ፤ ሲለቅ ጥርሶቹ መለያየት አለባቸው። ጥርሱን የሚያመው ልጅ መንጋጋዋን ይዝለላት።

ይህን ሲለምድ ወደ ሁለተኛው ዙር እለፉ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። "አሁን ደግሞ ግማሽ ብቻ ጨብጥ" በሉት። ከዚያ የግማሹን ግማሽ። ትንሿን ጥብቀት የለየ ልጅ ቃል ላይ ሲደርስም ከንፈሩ ወይም ጉሮሮው መጥበቅ ሲጀምር ያውቃል። ያላወቀውን ደግሞ ሊለቀው አይችልም። ከባለሙያ ጋር ስትሠሩ "የቱ ጋ ነው የጠበቀህ?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚመጣው ከዚህች ልምምድ ነው።

4. አራት እንቅስቃሴዎች።

*ተራራ።* እኔ ዘንድ የሚመጡ ልጆች "ጮቄ" ነው የሚሏት። እግሮቹን ትንሽ ከፍቶ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ክብደቱ ሁለቱም እግሮች ላይ እኩል ይረፍ፣ እጆቹ ዘና ብለው ይውረዱ። አምስት ትንፋሽ።

*ድመት።* በእጁና በጉልበቱ ይንበርከክ። አየር ሲያስወጣ ጀርባውን ወደ ላይ ያጉብጥ፣ ሲያስገባ ወደ ታች ያርግብ። ስድስት ጊዜ ይደጋግመው። እንቅስቃሴውና ትንፋሹ አብረው መጀመር፣ አብረውም ማለቅ አለባቸው። የጎድን አጥንቶቹ ይፈታታሉ፤ ልጁም አየር ማስወጣትን ከሥራ ጋር ማያያዝ ይለምዳል። ከአራቱ አንዷን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ የምመርጠው ይህችን ነው።

*ዛፍ።* በአንድ እግሩ ቆሞ የሌላኛውን ውስጥ እግር ባቱ ላይ ያሳርፍ። ጉልበቱ ላይ በፍጹም አይሁን፣ መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል። ፊት ለፊቱ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር መርጦ ይይ፤ አንድ እጁ ግድግዳ ቢነካ ችግር የለም። መንገዳገዱ አይቀርም። እናንተም ተንገዳገዱ፣ ሳቁ፣ እንደገና ቁሙ። ሚዛን የሳተ ልጅ ሳይናደድ ተመልሶ መቆምን እንዲለምድ ነው ዓላማው። ስለዚህ "ጎበዝ፣ አልወደቅህም" አትበሉት፤ "ተመልሰህ ቆምክ" በሉት።

*እጥፍ።* ተንበርክኮ ቂጡን ተረከዙ ላይ ያሳርፍ፣ ግንባሩን መሬት ወይም የታጠፈ ጋቢ ላይ ያድርግ። ትንፋሹ አሁን ጀርባው ላይ ይሰማዋል፤ መዳፋችሁን ወገቡ ላይ ብታሳርፉ ይቀልለዋል። አምስት ትንፋሽ።

5. የንብ ድምፅ። ከንፈሩን ሳይጫን ይግጠም፣ ጥርሶቹ ይለያዩ። በአፍንጫው አየር ያስገባና ሲያስወጣ "ምምምም" ይበል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ ቢያሳርፍ ይነዝረዋል፤ ካልነዘረው አፉን አጥብቆ ይዞታል ማለት ነው። አምስት ጊዜ። በዚህ ጊዜ የድምፅ አውታሮቹ ለስለስ ብለው ይገጥሙና አየሩ እያለፈባቸው ይርገበገባሉ። ቃል አልወጣ ሲል የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አውታሮቹ ጠብቀው ይዘጋሉ።

ንቧ ከተለመደች በኋላ አፉን ይክፈት፦ "ምምም…ማ"፣ "ምምም…ሞ"፣ "ምምም…ማር"። ከዚያ በ"ስ"፣ በ"ል"፣ በ"ህ" ወደሚጀምሩ አጫጭር ቃላት እለፉ፦ ሳር፣ ሰላም፣ ላም፣ ሆድ። በጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ በሚጀምር ቃል ግን አትጀምሩ። እነዚህ ድምፆች ሲነገሩ ጉሮሮ ለቅጽበት ይዘጋና የታፈነው አየር ፈንድቶ ይወጣል። ጉሮሮው የሚዘጋበትን ልጅ "ጤፍ" እና "ቅዳሜ" በል ብሎ መጀመር ሥራውን ከከባዱ ጫፍ መጀመር ነው። ስሙ በእነዚህ ፊደላት የሚጀምር ልጅ ከስሙ ጋር መታገሉ የተለመደ ነው፤ እሱን ለባለሙያ ተዉት፣ ቤት አታስደጋግሙት።

6. ቀልብ መሰብሰብ። ቁጭ ይበል። ለአንድ ደቂቃ ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ አዳምጡ፤ መጀመሪያ ከሩቅ የሚመጣውን (ባጃጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ውሻ)፣ ቀጥሎ ከቤት ያለውን፣ በመጨረሻ የራሳችሁን ትንፋሽ። ስታበቁ የሰማውን በጣቱ ይቁጠር። ማውራት ካልፈለገ አያውራ።

በሌላ ቀን ቆሎውን አምጡ። አንድ ፍሬ ገብስ መዳፉ ላይ ያድርግ። መስመሯን ይይ፣ የቱ ጋ እንዳረረች ይፈልግ፣ ያሽትት፣ ምላሱ ላይ ያስቀምጥና ሳያኝክ ትንሽ ይቆይ። ከዚያ አንዴ ብቻ ይንከስና ድምፁን ይስማ። ልጆች ይህን ሲወዱት! ታናናሾቹም ካላደረግን ይላሉ፤ ከ4 ዓመት በታች ላለ ግን ቆሎ ስለሚያንቅ ዳቦ ስጡት።

የሚንተባተብ ልጅ ሐሳቡ የሚሮጠው ገና ወዳልተነገረው ቃል ነው፤ "ያ ቃል ሊመጣ ነው" እያለ ከሩቁ ይጠብቃል፣ ቃሉ ከመድረሱ በፊትም ጉሮሮው ይጠብቅበታል። እዚህ የሚለምደው ሐሳቡ ሲሄድ አይቶ ወደ አሁኑ መመለስን ነው። ሐሳቡ ቢበተን ጥፋት አይደለም፤ አትቆጡት።

7. አብሮ ማንበብ። መጽሐፉን መሃል አድርጋችሁ እኩል ድምፅ እያወጣችሁ አንድ ገጽ አንብቡ። በእሱ ፍጥነት ሂዱ፣ አትቅደሙት። አብዛኛው የሚንተባተብ ሰው ከሌላ ጋር እኩል ሲያነብ ወይም ሲያዜም እምብዛም አይንተባተብም። አብነት ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ያላቸው ወላጆች "ከጓደኞቹ ጋር ዳዊት ሲደግም ምንም አይለው፤ ቤት ሲመጣ ነው፣ ሆን ብሎ ነው" ይሉኛል። ሆን ብሎ አይደለም። በጋራ ሲባልና ብቻውን ሲጠየቅ አንጎሉ የሚሠራው ሥራ አንድ አይደለም። ይህን ደረጃ ያስገባሁት ልጁ የራሱን ድምፅ ሳይታገል እንዲሰማው ነው፤ "አየህ፣ ትችላለህ አይደል!" የምትሉበት ማስረጃ አታድርጉት።

8. አምስት ደቂቃ እሱ ያውራ፣ እናንተ ስሙ። ርዕሱን እሱ ይምረጥ። ሲያበቃ በልባችሁ ሁለት ቆጥራችሁ መልሱ። ቃል አትጨርሱለት፣ አታርሙት፣ ከደረጃ 2 እስከ 6 የሠራችሁትን አታስታውሱት። ቢንተባተብም የተናገረውን ነገር እንጂ አነጋገሩን አታንሡ።

ደብተሩ ላይ ምን ይጻፍ?

ቀኑ፣ የተሠራው ደረጃ፣ ልጁ "ጠበቀኝ" ብሎ ያሳየው ቦታ። ስንት ጊዜ ተንተባተበ የሚለውን አትመዝግቡ። መንተባተብ ያለ ምንም ምክንያት አንድ ሳምንት ይብሳል፣ አንድ ሳምንት ይቀልላል፤ ቁጥሩ ያሳስታችኋል፣ ልጁም እየተቆጠረበት እንደሆነ ያውቃል።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። የመጀመሪያው ሳምንት 2 እና 3 ብቻ ይሁን፣ በሁለተኛው 4ን፣ በሦስተኛው 5ን ጨምሩ፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ደረጃ 8 ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይሁን።

ጥንቃቄ

- ካዞረው ወይም ከንብ ድምፁ ውጭ ጣቱንና ከንፈሩን ከነዘረው አብዝቶ እየተነፈሰ ነው። አቁሙ፣ ቁጭ ይበልና እንደ ወትሮው ይተንፍስ።
- አስም ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና በቅርቡ ከተደረገለት ወይም ቡአ ካለበት ከሐኪሙ ጋር ሳትመክሩ አትጀምሩ። ፈጣንና ኃይለኛ የትንፋሽ ልምምድ ከኢንተርኔት አይታችሁ አትጨምሩ።
- በጾም ቀን አብሮት የሚሠራው ትልቅ ሰው ሆዱ ባዶ ከሆነ ዛፏን ይተዋት፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራውን ብቻ ይሥራ።
- ተኩስ የሰማ ወይም የሚያስደነግጥ ነገር ያየ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ሊፈራ ይችላል። አታስጨፍኑት። ድምፅ ከማዳመጥ ይልቅ ቆሎውን በማየት ወይም በእንቅስቃሴው ጀምሩ።
- እንጥል ማስቆረጥ፣ የምላስ ሥር ማስበጣት አይደረግ። መንተባተብ ከሁለቱም አይመጣም፤ መድማትና ቁስል ግን ይመጣል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ትልቁ ይህ ነው፦ ልጁ ሊናገር ሲል ወይም ተንተባትቦ ሳለ "ቆይ፣ ትንፋሽ ውሰድ" ማለት። ለመልካም እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ልጁ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት አየር መሳብን እንደ መድኃኒት ይይዘዋል፤ ከጊዜ በኋላ መድኃኒቱ መሥራት ያቆምና መንተባተቡም አየር መሳቡም ሁለቱ ችግር ሆነው ይቀራሉ። ልምምዱ በልምምድ ሰዓት፣ ወሬው በወሬ ሰዓት። "ቀስ በል"፣ "ረጋ ብለህ"፣ "አስበህ ተናገር" የሚሉትም ከዚሁ ቤት ናቸው።

ሌሎቹ፦ ልምምዱን ቅጣት ማድረግ ("ዛሬ ስለተንተባተብክ ሁለት ጊዜ ትሠራለህ")። ለእንግዳ "እስቲ ንቧን አሳያቸው" ማለት። ከታናሽ ወንድሙ ጋር ማወዳደር። ለሦስት ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ሠርቶ ከዚያ መተው፤ በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሻላል።

"ዮጋ ከሃይማኖታችን አይጋጭም ወይ?" የሚለውም ደጋግሞ ይመጣል። እዚህ ያለው መተንፈስና መዘርጋት ብቻ ነው፤ የሚደገም የጸሎት ቃል፣ የሚዘመር ነገር የለበትም። ልባችሁ ካልረጋ የንስሐ አባታችሁን ወይም የሃይማኖት አባታችሁን ጠይቁ፣ እስከዚያው 4ን ዝለሉና ሌላውን ሥሩ።

ወደ ባለሙያ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው?

መንተባተቡ ከ6 ወር ካለፈ፣ በቤተሰቡ ውስጥ አድጎም ያልተወው ሰው ካለ፣ ልጁ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን፣ ፊቱን የሚያጣምም ወይም እግሩን የሚመታ ከሆነ፣ ወይም ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ከተወ አትቆዩ። የሚጠሩትን በደንብ የማይሰማ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። ንግግሩ በድንገት ከተበላሸ፣ በተለይ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ወይም ፊቱ ከተጣመመና እጁ ከሰነፈ፣ ይህ የንግግር ባለሙያ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ደብተሩን ያዙ። አንድ ነገርም ጨምሩ፦ ቤት ሆኖ እንደ ልቡ ሲያወራ በስልክ የተቀዳ አምስት ደቂቃ ያህል ቪዲዮ፣ አንድ ጥሩ የነበረበት ቀንና አንድ የባሰበት ቀን። ስትቀርጹ አስፈቅዱት። አዲስ ቦታ ሲገቡ ጭርሱን የማይንተባተቡ ልጆች አሉ፤ ቪዲዮ ከሌለ ባለሙያዋ ምንም ሳታይ ትመለሳላችሁ።